ጤፍ ያለ ዩሪያ ይሆናል ወይ? በሣር ሥር ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ታሪክ

ዛሬ ስለ ዋግም ስለ አረምም አልጽፍም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ታሪክ ነው። ትንሽ ረዘም ስለሚል ማታ ቡና ሲፈላ አንብቡት።

ለምን ታሪክ አትሉኝም? ሰሞኑን አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ መጣብኝ። አንድ አባት ጊንጪ ገበያ ላይ ጠርሙስ ይዞ የሚዞር ሰው አግኝተው፣ «ጤፍ ሣር ነው፤ በሣር ሥር ላይ ደግሞ ከአየር ማዳበሪያ የሚያወርዱ ባክቴሪያዎች አሉ። ይሄን ዘሩ ላይ ካሻችሁ ዩሪያ አያስፈልጋችሁም» አላቸው። እሳቸውም ጠርሙሱን ሳይገዙ በፊት ደወሉልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሌሎች ግን ገዝተው ነው የጠየቁኝ። የዩሪያ ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ወሬ ጆሮ ቢያገኝ አልፈርድም።

«ውሸት ነው» ብዬ በአንድ መስመር መጨረስ እችል ነበር። ችግሩ ግን ነገሩ ሙሉ ውሸት አለመሆኑ ነው። ባክቴሪያዎቹ በእውነት አሉ። ጤፍም በእውነት ሣር ነው፤ ስንዴም፣ ገብስም፣ በቆሎም የሣር ዘመድ ናቸው። ውሸቱ ያለው መጠኑ ላይ ነው። መጠኑን ለመረዳት ደግሞ ታሪኩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ከእኛው አፈር ልጀምር። ታላላቆቻችን ታስታውሳላችሁ፤ ማዳበሪያ በከረጢት ከመምጣቱ በፊት መሬት የሚያርፍበት ዓመት ነበረው። ያረፈ መሬት ባዶውን አይቀመጥም። መጀመሪያ አረም ያወጣል፣ ከዚያ ሰርዶውና ሌላው ሣር ይይዘዋል፣ በሣሩ መሐል ደግሞ ማጌት ይበቅላል። ከብት ይግጥበታል፣ እበቱን ይጥልበታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲታረስ ያ የደከመ መሬት ደህና እህል ይሰጣል። «መሬቱ አርፎ በረታ» ነበር የሚባለው። ማን እንዳበረታው ግን አይታይም ነበር።

በሸዋ ደጋ ደግሞ አፈር ማቃጠል የሚባል ነገር ነበር፤ አንዳንድ ቦታ አሁንም አልጠፋም። ያረፈውን መሬት በበጋ ደጋግሞ አርሶ፣ ጓሉን ከሣር ሥሩ ጋር እየከመሩ፣ መሐሉ ላይ እበት አድርጎ እሳት መለኮስ። ክምሩ ለቀናት ውስጥ ውስጡን እየጤሰ ይነዳል። ከዚያ አፈሩ ይበተንና ክረምት ላይ ገብስ ይዘራበታል። የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ያምራል። በሁለተኛው ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ መሬቱ ለብዙ ዓመት፣ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ቢሆን፣ ካላረፈ አይሆንም። ምን ሆነ መሰላችሁ? እሳቱ አፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረውን ምግብ አንድ ጊዜ ፈታው፤ ከዚያ ጋር ግን ብስባሹንም በአፈሩ ውስጥ የነበረውንም ሕይወት አቃጠለ። እህሉ ዝግ ሒሳብ እንደ ማውጣት ነው፤ ከወጣ በኋላ ደብተሩ ባዶ ነው። ይሄን አፈር ማሞቅ የሚለውን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ ሌላ አገር እናገኘዋለን።

በጥቁሩ አፈር፣ ማለትም በኮትቻው፣ አባቶች ሌላ ዘዴ ነበራቸው። ጤፍ ወይም ስንዴ ከተዘራ በኋላ በሌላው ዓመት ሽምብራ ወይም ጓያ፣ ውሃው ሲሸሽ መስከረም አካባቢ በቀሪው እርጥበት። ይሄ ዘር ማፈራረቅ ነው። ለምን እንደሚሠራ የጻፈ ሰው አልነበረም፤ ሠርቶ ስላዩት ግን ልጅ ከአባቱ ይማረው ነበር።

አሁን ወደ ውጭ እንሂድ።

ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ 78 ከመቶው ናይትሮጅን ነው። ሰብሉን አረንጓዴ የሚያደርገው፣ ሲጎድል የታችኛው ቅጠል ቀድሞ ቢጫ የሚሆንበት፣ ዩሪያ ውስጥ ያለው ያው ናይትሮጅን ማለት ነው። ተክል ግን አየሩ ላይ ያለውን በቀጥታ መውሰድ አይችልም። በሀብት መሐል ቆሞ ይራባል። ፈረንሳዊው ቡሴንጎ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በራሱ እርሻ ላይ ወደ መሬት የገባውንና በሰብል የወጣውን ናይትሮጅን እየመዘነ አንድ የማይገባ ነገር አገኘ፤ ጥራጥሬና የከብት መኖ ማጌት ከተዘራ ሒሳቡ ትርፍ ያሳያል፣ ስንዴ ብቻ ከሆነ ትርፍ የለም። ትርፉ ከየት መጣ?

ይሄን ለመፍታት እንግሊዝ አገር ሮትሃምስቴድ በሚባለው የምርምር እርሻ ላይ ሎውስና ጊልበርት የሚባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በጣም ጥንቃቄ የተሞላበት ሙከራ አደረጉ። ከአፈሩ ጋር ምንም የናይትሮጅን ጭማሪ እንዳይገባ ብለው አፈሩን በኃይለኛ እሳት አጋዩት። በመስታወት ክዳን ውስጥ ተክሎቹን አበቀሉ፤ የሚገባውን አየር ሳይቀር አጠቡት። ውጤት? ባቄላም ሆነ ስንዴ ከአየር ምንም አልወሰደም። በ1861 «ተክል ከአየር ናይትሮጅን አይወስድም» ብለው አሳተሙ፤ ዓለምም ከሃያ ዓመት በላይ ይሄን አምኖ ተቀመጠ።

ስህተቱ ገብቷችኋል አይደል? አፈሩን ሲያጋዩት ሥራውን የሚሠሩትን ነው የገደሉት። ልክ እንደ ደጋው ክምር። ከንጽሕና ብዛት መልሱን ራሱን አጥበው ደፉት። እነዚህ ሰዎች ሰነፍ አልነበሩም፤ ሮትሃምስቴድ እስከ ዛሬ ድረስ ያለ ትልቅ የምርምር ቦታ ነው። ግን የማይታይ ነገርን የለም ማለት ቀላል ነው።

መልሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ያው አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዘመን ማለት ነው። ሄልሪግልና ቪልፋርት የሚባሉ ሁለት ጀርመኖች በርሊን ላይ በተደረገ ስብሰባ ሥራቸውን አቀረቡ። በንጹሕ አሸዋ ላይ አጃና አተር ዘሩ። አጃው በሰጡት ናይትሮጅን ልክ ብቻ ያድጋል፤ ካልሰጡት ይጫጫል። አተሩ ግን አንዳንዱ ይጫጫል፣ አንዳንዱ ምንም ሳይሰጡት ይፋፋል። የተፋፋውን ነቅለው ሲያዩ ሥሩ ላይ ትንንሽ እንክብሎች አሉ። ከዚያ ከማሳ ትንሽ አፈር በውሃ በጥብጠው ሲያጠጡት የተጫጫውም ተነሣ። ያንኑ ውሃ አፍልተው ሲያጠጡት ግን ምንም አልሆነም። ስለዚህ በአፈሩ ውስጥ እሳት የሚገድለው ሕያው ነገር አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ሆላንዳዊው ቤየሪንክ ያንን ባክቴሪያ ከእንክብሉ ለይቶ አወጣው። ዛሬ ራይዞቢየም የምንለው እሱን ነው።

አጃው ላይ ትንሽ ቁሙልኝ። አጃ ሣር ነው። በዚያ ሙከራ አተር ከአየር ሲበላ አጃ አልበላም። የዛሬው ጥያቄያችን መልስ ግማሹ እዚያ ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ይቻላል።

ግን ታሪኩ እዚያ አላበቃም። ቤየሪንክ ራሱ በ1901 ምንም ተክል ውስጥ ሳይገባ አፈር ውስጥ በነጻነት እየኖረ ናይትሮጅን የሚያወርድ ሌላ ባክቴሪያ፣ አዞቶባክተር፣ እንዳለ አሳየ። በ1925 ደግሞ ስለ ሌላ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዓመት ብዙም ትኩረት አላገኘም።

ያንን ያነሣችው ሴት ናት፤ ኧረ ይቅርታ፣ ያነሡት ትልቅ ሴት ናቸው። ዮሐና ዶበራይነር ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1924 በዛሬዋ ቼክ የተወለዱ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ብራዚል የተሰደዱ ናቸው። ከሪዮ ዴ ጃኔሮ አቅራቢያ ባለ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሥራ ያዙ። ብዙ ሰው በየቀኑ እየረገጠ የሚያልፈውን ሣር ማየት ጀመሩ፤ መሥክ ላይ ማዳበሪያ ማንም ሳይሰጠው ዓመት ከዓመት አረንጓዴ የሚሆነው ለምንድነው ብለው። በ1966 ፓስፓለም በሚባል ሣር ሥር ላይ የሚኖር አንድ የአዞቶባክተር ዓይነት አገኙ። በ1970ዎቹ ደግሞ ያ የተረሳው ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ከደቡብ አፍሪካ ወደ ብራዚል በተወሰደ ዲጂታሪያ በሚባል የግጦሽ ሣር ሥር ላይ ተገኘ። የዚህ ሣር ዘመዶች በእኛም ማሳ አረም ሆነው ይወጣሉ። ባክቴሪያው በ1978 አዲስ ስም ተሰጠው፤ አዞስፒሪለም። ጊንጪ ገበያ ላይ በጠርሙስ የሚዞረው ነገር እውነተኛ ከሆነ፣ የሆነ የዚህ ዓይነት ነገር ነው።

ያኔ ዓለም በደስታ ሰከረ። ጊዜውን አስቡት፤ በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ወጥቶ ነበር፣ ማዳበሪያ ደግሞ የነዳጅና የጋዝ ልጅ ነው። ሃበር የሚባለው ጀርመናዊ በ1909 ናይትሮጅንን ከአየር በፋብሪካ መያዝ እንደሚቻል አሳይቶ፣ በ1913 ትልቁ ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ዩሪያችን ሁሉ የሚመጣው በዚያ መንገድ ነው። ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከተራ አየር 200 እጥፍ የሚሆን ግፊት ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው ጋዝ ሲወደድ ዩሪያ የሚወደደው። ባክቴሪያው ግን ይሄንኑ ሥራ በማሳ ሙቀት፣ ያለ ጭስ ይሠራዋል። እና «በቆሎም ስንዴም የራሳቸውን ማዳበሪያ ሊሠሩ ነው» የሚል ወሬ ጋዜጣ ሞላ። በየአገሩ ዘር እየታሸ ተሞከረ።

ከዚያ ቀዝቃዛው ውሃ መጣ። መጀመሪያ የተጠቀሙበት መለኪያ ያጋንን ነበር። በደንብ ሲለካ፣ በእህል ሣሮች ሥር ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች የሚገኘው ናይትሮጅን አብዛኛውን ጊዜ በሄክታር በዓመት በጥቂት ኪሎዎች የሚቆጠር ሆነ። አንዳንድ የሞቃት አገር የግጦሽ ሣሮችና ሸንኮራ አገዳ ከዚህ የተሻለ ያገኛሉ። ባክቴሪያው የታሸበት ሰብል ብዙ ጊዜ እድገቱ ይሻሻላል፤ ምክንያቱ ግን በአብዛኛው ናይትሮጅኑ አልነበረም። ባክቴሪያው ሥር የሚያበዛ ሆርሞን ይሠራል፤ ሥሩ ሲበዛ ተክሉ አፈር ውስጥ ያለውን ማዳበሪያና ውሃ የበለጠ ይስባል። ልብ በሉ፤ አፈር ውስጥ ያለውን። ከሌለ ምን ይስባል?

ለምንድነው ባቄላ ብዙ፣ ሣር ትንሽ የሚያገኘው? ባቄላ ለባክቴሪያው ቤት ሠርቶ ያስገባዋል። እንክብሉ ማለት ያ ቤት ነው። ስኳር ከቅጠሉ እያወረደ ያበላዋል። ባክቴሪያው ናይትሮጅን የሚይዝበት መሣሪያ ኦክስጅን ሲነካው ስለሚበላሽ፣ ተክሉ እንክብሉ ውስጥ እንደ ደማችን ቀይ የሆነ ነገር ሠርቶ ኦክስጅኑን ይቆጣጠርለታል። ባክቴሪያውም በምላሹ የያዘውን ናይትሮጅን በየቀኑ ያስረክባል። ሣር ግን ቤት አይሰጥም። ከሥሩ የሚንጠባጠበውን ፍርፋሪ በደጅ ይጥላል፤ ደጁ ላይ ደግሞ ሌሎች ሺህ ዓይነት ተህዋስያን ይሻሙበታል። የኛ ባክቴሪያ ትንሽ ናይትሮጅን ቢይዝ እንኳ ለራሱ ገላ ነው የሚያደርገው፤ ተክሉ የሚያገኘው ሲሞት ነው። በቤት የሚኖር ቤተሰብና በደጅ የሚያልፍ መንገደኛ እኩል አይረዱም።

እዚህ ላይ ቁጥር እናስቀምጥ። አንድ ኩንታል የጤፍ ፍሬ ይዞት የሚሄደው ናይትሮጅን ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ይሆናል። በሄክታር 15 ኩንታል ብታገኙ በፍሬው ብቻ ከ25 ኪሎ አካባቢ ወጣ ማለት ነው፤ ጭዱን ሳንቆጥር። ጭዱን ደግሞ ማሳ ላይ የሚተው ማን አለ? ባለ 50 ኪሎው የዩሪያ ከረጢት 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ድሮ ለሁሉም ቦታ ይመከር የነበረው 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ በሄክታር 64 ኪሎ ናይትሮጅን ነበር። ከዚህ ጎን ጥቂት ኪሎ አስቀምጡ። በጠርሙስ ምክንያት ዩሪያውን ሙሉ በሙሉ የተወ ሰው ነሐሴ ላይ ቢጫ ጤፍ እያየ ይቆማል፤ ያኔ ጠርሙስ የሸጠው ሰውዬ ስልኩ አይነሣም።

የጤፍ ጉዳይ በእኛ አገርም ተሞክሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጤፍ ሥር ዙሪያ ባክቴሪያዎችን ለይተው በመጠለያ ውስጥ በተተከለ ጤፍ ላይ ሞክረው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱን አሳትመዋል፤ እድገት የሚያሻሽሉ እንዳሉ አይተዋል። ይሄ ጥሩ ዜና ነው፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን በመጠለያ ከተተከለ ጤፍ እስከ እናንተ ኮትቻ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ማሳ ላይ ዝናብ አለ፣ ሌላ ተህዋስያን አለ፣ ጎርፍ አለ።

ሣር ጨርሶ አይችልም እንዳልል አንድ ነገር ልጨምር። ሜክሲኮ ውስጥ ሲየራ ሚሄ በሚባል ተራራማ አገር ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ የሚዘሩት አንድ የበቆሎ ዝርያ አለ። ረጅም ነው፤ ከመሬት በላይ ከግንዱ ላይ ወፋፍራም ሥሮች ያወጣል፣ ከሥሮቹ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ነገር ይንጠባጠባል። እዚያ ዝልግልግ ውስጥ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ይሄ በቆሎ ከሚያስፈልገው ናይትሮጅን ከ29 እስከ 82 ከመቶውን ከአየር እንደሚያገኝ አሳይቷል። የሳይንስ ሰዎች አልፈጠሩትም፤ ድሃ መሬት ላይ ያረሱ ገበሬዎች ናቸው ዘሩን እየመረጡ ያቆዩት። የድሮ ዘር አትጣሉ ስንል ለጨዋታ አይደለም።

ደግሞ ይሄን ስሙ፤ ከጉዳያችን ትንሽ ይወጣል ግን ማለፍ አልቻልኩም። ብራዚል ዛሬ ከብቶቿን የምታደልበው በአብዛኛው በአፍሪካ ሣር ነው፤ ብራኪያሪያ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 ተመራማሪዎች አፍሪካን ዞረው ዘር ሲሰበስቡ ከኛው ጎረቤት ከወለጋም ወስደዋል። ከወለጋ ከሄደው አንዱ ዛሬ ፒያታ በሚል የብራዚል ስም ይሸጣል። አሁን ብራኪያሪያ እንደ አዲስ መኖ ተብሎ ወደ እኛ ሲመለስ «የውጭ ሣር» እንለዋለን። ልጁ ውጭ ደርሶ ስም ቀይሮ ነው የመጣው።

ወደ ዶበራይነር ልመለስ፤ የታሪኩ ቁልፍ እሳቸው ጋ ነው። በሣር ባክቴሪያ ስማቸው ዓለምን ዞረ። ለብራዚል ትልቁን ጥቅም ያመጣው ግን ሌላው ሥራቸው ነው። ብራዚል አኩሪ አተር በሰፊው ልትዘራ ስትነሣ ብዙዎች እንደ አሜሪካ ናይትሮጅን ማዳበሪያ እንጨምር ሲሉ፣ እሳቸው «የለም፣ ከባክቴሪያው ጋር የሚስማማ ዘር እንምረጥ» ብለው ተከራከሩ። ዛሬ አብዛኛው የብራዚል አኩሪ አተር የሚዘራው ዘሩ በባክቴሪያ ታሽቶ፣ ያለ ዩሪያ ማለት ይቻላል። የእሳቸው ተማሪ የነበሩት ማሪያንጀላ ሁንግሪያ በዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. የ2025ን የዓለም የምግብ ሽልማት ወስደዋል። ሁንግሪያ አዞስፒሪለምን ለበቆሎና ለስንዴም አውለውታል፤ ግን ለበቆሎ ሲመክሩት ማዳበሪያውን በከፊል ለመቀነስ እንጂ ለመተው አይደለም። እንግዲህ ነገሩን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት እንዲህ ካሉ ጠርሙስ ሻጩ ከየት አመጣው?

አሁን ወደ ጊንጪ። ናይትሮጅን የሚያመጡ ባክቴሪያዎች እንዳሉ ሁሉ ናይትሮጅን የሚወስዱም አሉ። አፈር በውሃ ሲሞላና አየር ሲያጣ፣ ያ ዩሪያችሁ ተለውጦ የሆነውን ናይትሬት ሰባብረው መልሰው አየር ያደርጉታል። ይሄን የሚያደርጉ ባክቴሪያዎች ተለይተው የታወቁትም በዚያው በ1886 ነው፤ ጋዮንና ዱፕቲ በሚባሉ ፈረንሳዮች። የሚሰጠውም የሚቀማውም በአንድ ዓመት ታወቀ። ከሁለቱ በእኛ ኮትቻ ላይ ክረምት ላይ የሚበረታው የትኛው እንደሆነ ሐምሌ ላይ በጭቃው ውስጥ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል።

ኮትቻ በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ይሆናል። ይሄን አፈር ለማጠንፈፍ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ማዕከል፣ የአገራችን የእርሻ ምርምር ድርጅት፣ የዓለማያ ዩኒቨርሲቲና ግብርና ሚኒስቴር ከሌሎችም ጋር ሆነው አንድ የጋራ ፕሮጀክት ነበራቸው። ጊንጪ ከሥራ ቦታዎቹ አንዷ ነበረች። ከዚያ ሥራ የወጣው ነው ቢቢኤም የምንለው። ሁለት ሞፈር አጣምሮ ክንፍ በመግጠም 80 ሳንቲ ሜትር መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ የሚያወጣ። ሐሳቡ ራሱ ከባዶ አልተነሣም፤ ሰሜን ሸዋ እነዋሪ ላይ ገበሬው ከቤተሰቡ ጋር በእጁ አፈር እየዛቀ ሰፊ መደብ ይሠራ ነበር። ታዲያ ቢቢኤም ውሃ ብቻ አይደለም የሚያወጣው፤ ዩሪያ የሚቀማውን ባክቴሪያ ያዳክማል፣ የባቄላችሁ እንክብልም አየር እንዲያገኝ ያደርጋል፣ ኮትቻ ላይ ባቄላን የሚጨርሰውን የሥር መበስበስም ይቀንሳል። ውሃ በቆመበት ላይ ዩሪያ መበተን ግን ብር መበተን ነው፤ ውሃው እስኪሸሽ ጠብቁ፣ በሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ስጡ።

ለባቄላና ለሽምብራ የሚሆነው ሕያው ማዳበሪያ ግን እውነተኛ ነው፤ ከጠርሙሱ ጋር አታምታቱት። በደህና ሁኔታ ያለ ባቄላ በሄክታር ከ100 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን ከአየር ሊይዝ ይችላል። አብዛኛው ከፍሬው ጋር ይሄዳል፤ ገለባውንም ካነሣችሁት የሚቀረው ያንሳል፣ ሥሩና የረገፈው ቅጠል ግን ለሚቀጥለው ስንዴ ይቀራል። ከዚህም በላይ ባቄላው ለራሱ ዩሪያ አለመብላቱ አንድ ትርፍ ነው። ሕያው ማዳበሪያ ሲባል ሕያው ነው። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የባቄላ ፓኬቶችን በሞተር ሳይክል ላይ አስሬ ግማሽ ቀን በፀሐይ አዞርኳቸው። ያንን የወሰዱ አንድ አባት አዝመራው ላይ ጠሩኝና የታሸውንና ያልታሸውን ጎን ለጎን አሳዩኝ፤ ምንም ልዩነት የለም። «ልጄ፣ አመድ ነው እኮ የሰጠኸኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ዱቄቱ ጥቁር ነው፣ በውስጡ ያሉት ደግሞ ሞተዋል። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኳቸው። እስከ አሁን ግን መልሰው አልወሰዱም፤ አልፈርድባቸውም። ስለዚህ ፓኬቱን በጥላ ያዙ፣ ቀኑ ያለፈበትን አትቀበሉ፣ ዘሩን ከቤት ጥላ ውስጥ በትንሽ ስኳር ውሃ አርሳችሁ እሹት፣ የታሸውን ዘር ከማዳበሪያ ጋር አትደባልቁ፣ በዚያው ቀን ዝሩና ወዲያው አልብሱት። የባቄላውን ለሽምብራ አታድርጉ፤ ባክቴሪያው ቤቱን ይመርጣል። በቀዩ አሲዳማ መሬት ላይ ያላችሁ ደግሞ ኖራ ሳይገባ ብዙ አትጠብቁ።

የመጨረሻው ስለ ማጌት ነው። በአገራችን ከ20 በላይ የማጌት ዓይነቶች አሉ፣ አንዳንዶቹ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኙም። በ1970ዎቹ የእንስሳት ምርምር ማዕከሉ ሰዎች እነዚህን ማጌቶች ሲሞክሩ፣ ውሃ በሚተኛበት ኮትቻ ላይ እንደሚያድጉና ፎስፈረስ ሲያገኙ በጣም እንደሚፋፉ አይተዋል። ከሣሩ መሐል መሬቱን ሲያበረታ የነበረው ትልቁ ሠራተኛ እሱ ነው፤ ሣሩ ሥሩን እየሰደደ አፈሩን ይይዛል፣ ብስባሽ ይጨምራል፣ ማጌቱ ናይትሮጅኑን ያመጣል። የወሰን ሣርን ጠርጎ ማረስ በየዓመቱ እየጨመረ ነው፤ አንድ ፈር ጤፍ ለማግኘት ሁለቱንም እናጠፋለን። ከጭልሞ ደን ጥግ ካሉት ቀበሌዎች የሆናችሁ በዛፉ ግርጌ ያለውን ማጌት ከማሳችሁ ወሰን ጋር አስተያዩትና ንገሩኝ።

በቆርምድ ምክንያት ባቄላ የተዋችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ስለ እሱ ለብቻው እጽፋለሁ። ዘንድሮ ባቄላ ያላችሁ ግን አበባ ሲይዝ ሦስት አራት እግር በዶማ ቆፍራችሁ አውጡ። አትንቀሉት፤ ሲነቀል እንክብሉ አፈር ውስጥ ይቀራል። በውሃ አለቅልቁትና ትልቁን እንክብል በጥፍር ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም እንክብል ጨርሶ ከሌለ፣ ፎቶውን አንሥታችሁ ላኩልኝ፤ ቀበሌያችሁን፣ አፈሩ ኮትቻ ይሁን ቀይ፣ አምናና ካቻምና ምን እንደተዘራበት አብራችሁ ጻፉ።